ቮልሱን ስፒድስተር ማን ያድርገው? የጀልባው ሰው ወይስ የአዲስ አበባው ባትላሜራ

አንድ ልጅ ከባህር ዳር ጽፎልኛል፣ እሱና ጓደኛው አሮጌ ቮልስ ቮልስ አላቸው፣ ሁለቱም በፈረንጆቹ 1954 የወጣውን ፖርሽ ስፒድስተር (ጣሪያ የሌለው የፖርሽ 356 አይነት) አስመስለው ማሰራት ፈልገዋል፣ ጓደኛው አዲስ አበባ ባትላሜራ ይዟል (ያለቀ መኪና ፎቶ ልኮለታል፣ ቀለሙ ፊት ያሳያል አሉ)፣ እሱ ደግሞ እዚሁ ሐይቁ ዳር የጀልባ ፋይበር የሚሰራ ሰው አግኝቷል፣ እና የማን ሰው ይበልጣል ብለው አሳ ጥብስ ተወራርደዋል። ዳኛው እኔ ነኝ እንግዲህ።

ወንድሜ ሁለታችሁም የምታዩት ላዩን ነው። ስቱኮና ቀለም ስንት ጉድ ይሸፍናል። ዋናው ስራ ከስር ነው። ቮልስ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 2 ሜትር ከ40 ነው፣ ፖርሽ 356 ግን 2 ሜትር ከ10፣ ስለዚህ ልኩን የጠበቀ ስፒድስተር ካላችሁ የቮልሱ ወለል ተቆርጦ 30 ሴንቲ ገደማ ይወጣለትና መልሶ ይበየዳል። መሃል ላይ ባለው ቱቦ ውስጥ ደግሞ የካምቢዮ ዘንግ፣ የፍሪሲዮን ሽቦ፣ የነዳጅ ፔዳል ሽቦ፣ የቤንዚን ቧንቧ ያልፋል፣ ሁሉም አብሮ ያጥራል። እዚህ ጋ የቸኮለ ሰው የሰራው መኪና ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ጎማ ባንድ ጎን ይበላል፣ ማርሽ አልገባም ይላል፣ እናንተ ጥፋቱን ሞተር ላይ ስትፈልጉ ትከርማላችሁ።

ፎቶውን ተዉትና ጓደኛህ ሄዶ ያለቀውን መኪና በክሪክ ያስነሳ። ከፊት ግራ ጎማ እስከ ኋላ ቀኝ ጎማ፣ ከዛ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ በሜትር ይለካ፣ እኩል መምጣት አለበት። አንዱ ጎን ከፍ እንዳለ በሩን ከፍቶ ይዝጋ፣ በሩ ከያዘ ቦዲው ይጣመማል ማለት ነው፣ ጣሪያ የሌለው መኪና ከስር በብረት ካልተጠናከረ ያው ነው። ባለጋራዡ አላስነሳም ካለ በቃ ሌላ ሰው።

ያንተ ሰው ፋይበሩን ሊችልበት ይችላል፣ ሬዚኑ (ፋይበሩን የሚያጣብቀው ፈሳሽ) ላይ ማጠንከሪያ ስንት ትጨምራለህ በለው፣ ከመቶ 1 እስከ 2 ካለህ ጥሩ፣ በአይኔ ነው ካለህ ተጠንቀቅ። ግን ጀልባ ጎማ የለውም እኮ! ወለሉን እሱ አይቁረጠው። እኔን ካልክ ስራውን ለሁለት ክፈለው፣ ቆረጣውና ብየዳው ሻንሲ ለለመደ በያጅ፣ ቦዲው ለጀልባው ሰው፣ እዚሁ ስለሆነም በየቀኑ ብቅ እያልክ ታየዋለህ፣ ይሄን ጓደኛህ አያገኘውም። አሳውን ተካፍላችሁ ክፈሉ።

ጓደኛህ ግን አንድ ነገር ይወቅ፣ አዲስ አበባ ላይ ለከፍታው ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰ ካርቡሬተር አባይ በረሃ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ባህር ዳርም 1800 ሜትር ስለሆነ እዚህ ደርሶ እንደገና መስተካከል አለበት። የቮልስ ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ሞተሩን ከቦ ባለው ላሜራና በቦዲው መሃል ክፍተቱን የሚደፍን ላስቲክ መግባቱንም ሁለታችሁም እዩ፣ ከሌለ ማራገቢያው ከስር የሚወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል።

ደግሞ ምንም ነገር ሳይቆረጥ ሊብሬህን ይዘህ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቅ። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ስር ቱቦው ላይ ነው የተመታው፣ በያጁ እንዳይነካው ዙሪያውን በጠመኔ አስምርለት።