ህዳር ሲገባ ፊቴ ይደርቃል፤ ምን ልቀባ? ምን ልብላ?

ጥያቄ፦ እህቴ፣ የገና ጾም ሲገባ ብርዱም አብሮ ይገባል። ከንፈሬ ይሰነጠቃል፣ እጄ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጾሙ ይሆን? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ የኔ እህት፣ ጾሙን አትውቀሺው። ህዳርና ታህሳስ ላይ ሌሊቱ ይበርዳል፣ አየሩም ደረቅ ነው። ቆዳችን እርጥበቱን የሚያጣው ለዚህ ነው። ፒያሳ ስለምኖር የጠዋቱን ብርድ አውቀዋለሁ።

እኔ የምወዳቸው ግሊሰሪንና ቫዝሊን ናቸው። ግሊሰሪን ውሃ ይስባል፤ ስለዚህ ደረቅ ቆዳ ላይ አትቀቢው። ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ። ፊትሽ ሳይደርቅ ሁለት ጠብታ መዳፍሽ ላይ ከውሃ ጋር አሽተሽ ተቀቢ። ከላዩ ስስ ቫዝሊን ጨምሪ፤ እርጥበቱን ይዞ ያቆየዋል። ማታ ተረከዜን እንዲሁ ቀብቼ ካልሲ አጠልቃለሁ። ጠዋት ልስልስ ብሎ ሳገኘው እንዴት ደስ እንደሚለኝ! ቀን ቀን ሰንስክሪን አትርሺ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም።

ምግቡን በተመለከተ፣ ጾም ማለት ለእኔ ተልባ ፍትፍት ነው። ተልባውን በደረቅ ምጣድ አምሰዋለሁ። መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ቤቱን ሲሞላው ቶሎ አወርዳለሁ፤ ካረረ ይመራል። ሲቀዘቅዝ ፈጭቼ በውሃ እበጠብጠዋለሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ የተከተፈ ቃሪያ፣ ከዚያ እንጀራውን መፈትፈት። ተልባ ጥሩ ቅባት አለው፤ ጾም ላይ ያስፈልገናል። ብርዱ ከጠናብሽ ደግሞ ከጎኑ በሸክላ ድስት የሚንተከተክ ሽሮ አቅርቢ። እኔ ዛሬም ማታ የምበላው እሱኑ ነው።