ጭራ አጥንቴ ላይ ያለው ቁስል፦ በሰፊው ይቆረጥ ወይስ በትንሹ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና እነዳለሁ። ጭራ አጥንቴ ላይ ብጉንጅ የመሰለ ነገር ወጣብኝ። ኪንታሮት መስሎኝ አፍሬ ዝም አልኩ። ኋላ አብጦ መቀመጥ ሲያቅተኝ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ከፍተው መግሉን አወጡልኝና ተሻለኝ። አሁን ግን ፈሳሽ እያወጣ ልብሴን ያበላሻል። የታየኝ ሐኪም «ፒሎኒዳል ሳይነስ ነው፤ ተቆርጦ ቁስሉ ክፍት ይተዋል፤ ለመዳን ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል» አለኝ። ሁለት ወር ከተኛሁ መኪናው ለሌላ ሾፌር ይሰጣል። ዱባይ ያለች እህቴ ደግሞ «እዚህ በሌዘር ሠርተው በዚያው ቀን ይሸኙሃል» ትላለች። የቱን ልመን?
ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም እውነቱን ነግረውሃል። እያንዳንዱ ግን ግማሹን ነው የነገረህ።

በመጀመሪያ፣ ፒሎኒዳል ሳይነስ (ጭራ አጥንት አካባቢ ፀጉር ቆዳ ውስጥ ገብቶ የሚያመጣው ቁስል) የሚያሳፍር ነገር የለውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ 80,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮች በዚህ ሕመም ሆስፒታል ተኝተዋል። ብዙዎቹ በሚያንገጫግጭ ጂፕ ላይ ይውሉ ስለነበር «የጂፕ በሽታ» ተባለ። ረጅም ሰዓት ስትቀመጥ የረገፈ ፀጉር በመቀመጫ መሐል ባለው ስንጥቅ ይሰበሰባል። ላብና መፋተግ ሲጨመርበት ቆዳውን ሰርስሮ ይገባል። ሰውነትም እንደ ባዕድ ነገር ይቆጥረውና ይቆጣል፤ መግል ይቋጥራል። ከ15 እስከ 30 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ይበዛል።

እኔ በሽተኛውን በሆዱ አስተኝቼ ስመረምር ቀድሜ የማየው እብጠቱን አይደለም። የማየው መሐል መስመሩን ነው። እዚያ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ ቀዳዳዎች አሉ። አንዳንዴ ከአንዱ የፀጉር ጫፍ ብቅ ብሎ ይታያል። ያንን በመቆንጠጫ ስትስበው የረጠበ የፀጉር ጉንጉን ተከትሎት ይወጣል። ክሊኒኩ መግሉን ማውጣቱ ልክ ነበር። ቀዳዳዎቹና ፀጉሩ ግን እዚያው ቀሩ፤ ለዚህ ነው ፈሳሹ የማይቆመው።

ሐኪምህ ያለህ የተለመደው ሰፊ ቀዶ ጥገና ነው። የታመመው ሥጋ በሙሉ ይወጣል፤ ቁስሉ ከሥር ወደ ላይ እየሞላ ይድናል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። እጅህ የማይደርስበት፣ ዓይንህ የማያየው ቦታ ስለሆነ ቁስሉን የሚያጥብልህ ሰው ያስፈልግሃል። ውሎ አዳሩ መንገድ ላይ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቆርጦ መስፋትም አለ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምነግርህ ነገር አለኝ፦ ስፌቱ መሐል መስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ እንዳያርፍ። እዚያ የተሰፋ ቁስል በቀላሉ ያመረቅዛል፤ በሽታውም ይመለሳል። የግሪክ ጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረው ካሪዳኪስ በ1973 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ስፌቱን ወደ ጎን ያወጣና ስንጥቁን ጠለቅ እንዳይል ያደርገዋል። በሺዎች በሚቆጠሩ በሽተኞቹ ላይ በሽታው የተመለሰው ከመቶ በአንዱ ገደማ ብቻ እንደሆነ ዘግቧል። ከጎን ቆዳ አዙሮ የሚሸፍነው የሊምበርግ ዘዴም ጥሩ ነው፤ ጠባሳው ግን ትልቅ ነው።

በትንሽ ቁስል የሚሠሩት ደግሞ ሌላ መንገድ ይከተላሉ። ቦታውን ብቻ በመርፌ አደንዝዞ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ቆርጦ ማንሳት፣ ፀጉሩን ማውጣት፣ ውስጡን መፋቅ ነው። አንዳንዶች በቀጭን ካሜራ እያዩ ያጸዳሉ። አንዳንዶች ከቀዳዳዎቹ ተነስቶ ከቆዳው ሥር የሚሄደውን ቦይ በሌዘር ያቃጥላሉ፤ ፌኖል የሚባል ኬሚካል የሚጠቀሙም አሉ። ብዙው ሰው በቀናት ውስጥ ወይም በሳምንት ገደማ ሥራው ላይ ይገኛል። ግን የራሱ ጉድለት አለው። እስራኤላዊው ሐኪም ጊፕስና ባልደረቦቹ በዚህ በትንሽ ቁስል በሚሠራው መንገድ ያከሟቸውን ከ1,300 በላይ በሽተኞች ተከታትለው በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ በሽታው በአንድ ዓመት ውስጥ በ6.5 በመቶው፣ በ10 ዓመት ውስጥ ደግሞ በ16 በመቶ ገደማው ላይ ተመልሷል። እህትህ ያልነገረችህ ይህንን ነው።

የአንተስ? ከመግል ማውጣት በቀር ቀዶ ጥገና አልተሠራልህም። ቀዳዳዎቹ ጥቂት ከሆኑና ቦዩ ወደ ጎን ብዙ ካልተሰራጨ፣ እኔ ብሆን በትንሹ እጀምርልህ ነበር። ቢመለስ እንኳ ያው ትንሽ ሥራ ሊደገም ይችላል፤ የሰፊውም በር አይዘጋም። ቦዩ ቅርንጫፍ ካበዛ ግን ጊዜህን አታባክን፤ ስፌቱ ወደ ጎን የሚወጣውን ዘዴ ጠይቅ።

ለሌዘር ብለህም ዱባይ አትሂድ። የሚያድንህ ቀዳዳውና ፀጉሩ መወገዱ ነው። የጊፕስ ዘዴ የሚሠራው የቆዳ ሐኪሞች ናሙና በሚወስዱበት ዓይነት ክብ መቁረጫ ነው፤ ትልቅ ማሽን አይፈልግም። ሐኪምህን ግን ይህን ሥራ ሠርቶ እንደሚያውቅ በግልጽ ጠይቀው። ጥያቄው ነውር የለውም።

ከዚያ በኋላ ቦታውን በየቀኑ በውሃ ታጠብ። ሲጋራ ካለ አቁም፤ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል። ፀጉሩን በምላጭ አትላጨው። አቅሙ ካለህ በሌዘር ፀጉር ማስወገድ ይጠቅምሃል፤ በሽታው የመመለሱን ዕድል ይቀንሳል። ወደ ጅቡቲ ከመውጣትህ በፊት አጭር መስመር ሞክር፤ መንገድ ላይም እየወረድክ ቆም በል።

ለኪንታሮት ተብሎ የሚሸጥ የባህል መድኃኒት ግን እንዳትቀባበት፤ ቆዳውን አቃጥሎ ትንሹን ሥራ ሰፊ ሊያደርገው ይችላል። እንደገና ካበጠና ከተኮሰህ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ሂድ፤ መግሉ ይውጣ። ዋናው ሥራ ቁጣው ከበረደ በኋላ ይደርሳል።