የእጅ ጉድጓድ ውሃ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ኢንጂነር፣ እንደምን ሰነበቱ? ለጓሮ መስኖ የእጅ ጉድጓድ መስከረም ላይ ላስቆፍር ነው። ሰባት ሜትር ይበቃል ብለውኛል። ይበቃል?

መልስ፦ መስከረም ላይ አይጀምሩ። ክረምቱ ገና ስለወጣ ውሃው ቅርብ ነው፤ "ደረስን" ብለው ያቆሙና የካቲት ላይ ባዶ ጉድጓድ ታቅፈው ይቀራሉ። ቁፋሮ መጋቢትና ሚያዝያ ነው፤ ውሃው እጅግ የሚወርደው ያኔ ነው። ውሃ ካገኙ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሜትር ይጨምሩ። ልኩን የሚነግርዎት ውሃው ነው እንጂ የጎረቤት ጉድጓድ አይደለም።

ቦታው ከሽንት ቤትና ከበረት 30 ሜትር ይራቅ፣ ያውም ከነሱ ሽቅብ። የላይኛውን ሦስት ሜትር ግድግዳ በሲሚንቶ ይድፈኑት፤ የጎርፍ ቆሻሻ የሚሰርገው በዚያ በኩል ነው። ውሃው ያለበትን ክፍል ግን አይለስኑት፣ ውሃው የሚገባው በእሱ ነው። ወለሉ ላይ ጠጠር ያንጥፉ።

አንድ ነገር አደራ። እየቆፈሩ ሳለ ውሃው ሲያስቸግር ውሃ የሚስብ የነዳጅ ሞተር ወደ ጉድጓድ አይግባ። ሞተር ከላይ ሆኖ መሳብ የሚችለው በደጋ ከስድስት ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ሰው ሞተሩን የሚያወርደው ለዚህ ነው፤ የሚሞተውም በዚህ ነው። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም እዚያው ይቆያል። ውሃውን በባልዲና በገመድ ያውጡት።

ጥያቄ (ከሜጫ)፦ ሻማ አውርደን ካልጠፋ ሰው መግባት ይችላል?

መልስ፦ ሻማው ከጠፋ በቂ ኦክስጅን የለም ማለት ነው፣ ማንም አይግባ። ካልጠፋ ግን የሞተር ጭስ የለም ማለት አይደለም፤ ሻማ ያንን ጋዝ አያሳይም። የሚገባው ሰው ከመውረዱ በፊት ወገቡና ብብቱ ላይ ገመድ ይታሰር፣ ጫፉን ሁለት ሰው ከላይ ይያዝ። ቢዝለፈለፍ በገመዱ ይጎተታል። ላድነው ብሎ ተከትሎ የሚወርደውም እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ውሃችን ጥሩ አይደለም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጥሩ አይደለም ማለት ምን ማለት ነው? ይሸታል? ይደፈርሳል? ልብስ ያቀላል? እሱን ጽፈው ይመለሱ።

ጥያቄ (ከመቂ)፦ የልጆች ጥርስ ቡናማ እየሆነ ነው። አፍልተን ብናጠጣቸውስ?

መልስ፦ ፍሎራይድ የሚባል ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ማዕድን ነው፣ የስምጥ ሸለቆ ችግር። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ማፍላት ውሃውን ስለሚያተን ፍሎራይዱን ያከማቸዋል፤ ክሎሪንም አይነካውም። ውሃውን ያስመርምሩ። እስከዚያው ለትንንሾቹ መጠጥና ወጥ ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይለዩላቸው።

ጥያቄ፦ ጎርፍ የገባበትን ጉድጓድ በበረኪና ለማጽዳት ስንት ይጨመር?

መልስ፦ መጀመሪያ ደለሉን ያውጡ፣ በድፍርስ ውሃ ክሎሪን ይባክናል። ወርዱ አንድ ሜትር፣ ውሃው ሦስት ሜትር ከሆነ ወደ 2350 ሊትር ነው። ባለ 5 በመቶ በረኪና ሁለት ሊትር ተኩል ያፍስሱ፣ በባልዲ ደጋግመው ያማስሉ፣ ከድነው 12 ሰዓት ያቆዩ። ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ቀድተው ይድፉ። አትክልት ላይ ግን አይድፉት።

አስተያየት፦ የጉድጓዶቻችን መድረቅ ሥሩ ባሕር ዛፍ ነው። ሁሉም ይነቀል!

ምላሽ፦ ይነቀልና ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን በምን ይክፈል? ግድግዳው፣ ማገዶው እሱ ነው።

ምላሽ፦ ውሃ ከሌለ ማዳበሪያው ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ይብቃ። በምንጭና በጉድጓድ ዙሪያ አትትከሉ፣ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ። ቁፋሮ ቦታ ለምትፈልጉ፣ ሾላ የቆመበትና በበጋ ቄጠማ የማይደርቅበት ጥሩ ምልክት ነው።

ጥያቄ፦ አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፓችን ብዙ ካልተገፋ ውሃ አይሰጥም፣ በተለይ ጠዋት።

መልስ፦ የታችኛው ቫልቭ ያፈሳል፣ ሌሊት ውሃው ወደ ታች ይመለሳል። ቧንቧውን አትንቀሉ። ዘንጉን ከነፒስተኑ አውጡ፣ ቫልቩን በመንጠቆው በዚያው ቧንቧ ውስጥ ጎትቱት። ቦቢኑን (የቫልቩን መክደኛ) እና የጎማ ቀለበቱን ቀይሩ። መያዣው ቀልሎ ውሃ ጨርሶ ከቀረ ግን ዘንጉ ተላቋል።

ጥያቄ፦ ሞተሩን እስከ ግማሽ ብቻ ብናወርደውስ?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አላነበቡም። እስከ ግማሽም አይወርድም። ጭሱ ጉድጓዱን ይሞላዋል፣ ቆፋሪውም ከሥሩ ነው።