በጨለማ መኪና ስለማንሳት የጠየቃችሁኝ

ባለፈው በእጅ ባትሪ ብቻ የተነሳች የአንዲት ቪትዝ ፎቶ ካሳየኋችሁ ወዲህ ጥያቄው በርክቷል። ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። መኪናው ጨለማ ውስጥ ይቆማል፣ ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይታሰራል። ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው በር፣ ለረጅም ሰከንድ ክፍት ሆኖ ሳለ መብራት ይዛችሁ መኪናውን ትዞራላችሁ። ብርሃን የነካው ይታያል፣ ያልነካው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ፈረንጆቹ ላይት ፔይንቲንግ ይሉታል፤ እኔ በብርሃን መቀባት እለዋለሁ። የቆየ ጥበብ ነው። ጂዮን ሚሊ የተባለው ፎቶ አንሺ ፒካሶ መብራት ይዞ አየር ላይ ሲስል ያነሳው በፈረንጆቹ 1949 ነው።

“ካሜራ የለኝም፣ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። ይሆናል?” (ከደብረ ብርሃን)

ይሆናል እህቴ። የስልክሽ ካሜራ ውስጥ “ፕሮ” የሚል ካለ ክፈቺው። አንዳንድ ስልኮች ሹተሩን እስከ 30 ሰከንድ ይከፍታሉ፤ 10 ሰከንድ ቢሰጥሽም ለመጀመሪያ አያንስም። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ወደ 100 አውርጂው። ስልኩን ድንጋይ ላይ ደገፍ አድርጊና በ2 ሰከንድ ታይመር አንሺ፤ በጣትሽ ስትነኪው መንቀጥቀጡ ፎቶውን ያበላሻል። ሙሉ መኪና ከመሞከርሽ በፊት ማታ መብራት አጥፍተሽ የቤት ጀበና ቅቢ። ጀበናውም እንደ መኪና ክብ ሆዱ ያብለጨልጫል፣ ስህተትሽን ቶሎ ያሳይሻል።

“አንዱ በር ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፣ ሌላው አይታይም። ሹተሩን ላሳጥረው?” (ከመሃል ሜዳ)

አታሳጥረው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ወራት ፈጅቶብኛል። ፎቶህ ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን አለ። አንዱ የሰማዩና የሰፈሩ ነው፤ ሹተሩ በቆየ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። ሌላው አንተ የያዝከው ነው፤ እሱ የሚለካው መብራትህ እያንዳንዱ ቦታ ላይ በቆየበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በሩ ከተቃጠለ በሩ ጋ ስትደርስ ፈጠን በል፣ ወይም መብራቱን ራቅ አድርገው። ሰማዩ ከነጣ ደግሞ ያኔ ሹተሩን አሳጥር። አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ሁለቱንም አንድ ላይ ይጨምራል ይቀንሳል።

መነሻ ከፈለግክ አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር ኤፍ 8፣ ሹተር 30 ሰከንድ። ፎከሱን መኪናው ላይ ባትሪ አብርተህ ያዝና ወደ ማንዋል (በእጅ ወደሚስተካከለው) ቀይረው፤ ካልሆነ ካሜራው በጨለማ ፎከስ ሲፈልግ ያድራል። ሌንሱ ማረጋጊያ ካለው ትራይፖድ ላይ አጥፋው። ጥቁር ልብስ ልበስ፣ አንድ ቦታ አትቁም። እየተንቀሳቀስክ ከሆነ ፎቶው ውስጥ አትታይም። አንዴ ቆሜ ጫማዬን ሳስር ኮሮላው ጎን አንድ ግማሽ ሰው ወጣ። ባለቤቱ ፎቶውን አይቶ አማተበ።

“ጥቁር መኪና ነው። ባትሪዬ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል።” (ከሸዋ ሮቢት)

ወንድሜ፣ ጥቁር ቀለም መስታወት ነው። ግድግዳ ላይ ብታበራ ግድግዳው ይታያል። የተወለወለ ጥቁር ኮፈን ላይ ብታበራ ግን የሚታየው የባትሪህ መልክ ነው። ባትሪህ ትንሽ ክብ ስለሆነ ትንሽ ክብ ታያለህ። ረጅምና ለስላሳ መስመር የምትፈልግ ከሆነ ረጅምና ለስላሳ መብራት ያዝ።

እኔ የምጠቀምበትን ልንገርህ። በባትሪ የሚሠራ ረጅም የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ አንድ ሜትር የሚያህል። ፊቱን በአቡጀዴ ሸፈንኩት፣ ጀርባውን በጥቁር ፕላስተር ጠቀለልኩት። አቡጀዴው ብርሃኑን ያለሰልሳል፣ ጥቁሩ ፕላስተር ካሜራው አምፖሉን እንዳያይ ይጋርዳል። ለጣራውና ለኮፈኑ እንጨት ላይ አስሬ ከመኪናው በላይ ከፍ አድርጌ ከፊት ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ለጎኑ ደግሞ በካሜራውና በመኪናው መካከል፣ ከጉልበት ዝቅ አድርጌ ይዤ በአንድ ፍጥነት አልፋለሁ። እጅህ ከፍ ዝቅ ካለ መስመሩም ይወዛወዛል፤ መኪናው የተጋጨ ይመስላል።

ሁሉንም በአንድ ፎቶ ልጨርስ አትበል። ትራይፖዱን ሳትነካ አንዴ ጣራውን፣ አንዴ ጎኑን፣ አንዴ ቸርኬዎቹን ለየብቻ አንሳ። ከዚያ በፎቶሾፕ ወይም በነጻ በሚገኘው ጊምፕ ደራርባቸውና “ላይትን” (Lighten) የሚለውን ምረጥ። ከየፎቶው ብሩህ የሆነውን እየመረጠ አንድ ያደርግልሃል። ስልክ ላይ ስናፕሲድም ሁለት ሁለቱን ያጣምራል። አንዱ ዙር ቢበላሽ የምትደግመው እሱን ብቻ ነው።

መኪናውን ደግሞ አሳጥበው። በተለይ በበጋ ያ አቧራ ከዝቅታ በሚመጣ ብርሃን እንደ ዱቄት ነው የሚታየው።

“ልጄ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪናዬን ማታ ላንሳልህ ይለኛል። የመኪናውን መብራት ሲያበራ የመኪናውን ባትሪ አይጨርስብኝም?” (ከደብረ ሲና)

ጋሼ፣ አይስጉ። የፊት መብራቱ የሚበራው አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከበራ ፎቶውን ራሱ ያቃጥለዋል፣ የመኪናዎ ግንባር አይታይም። ፓርኪንግ መብራቱም ይበቃል። ብቻ ለልጅዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ፤ ፎቶውን ሲለጥፍ ታርጋውን ይሸፍን።

“ጣርማ በር ላይ ቆመን ብናነሳስ?” (ከደብረ ብርሃን)

ቦታው ያምራል፣ ግን ለዚህ ሥራ አልወደውም። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ይመላለስበታል። ጥቁር ልብስ ለብሶ መብራት አጥፍቶ አስፋልት ዳር መቆም ደግሞ ራስን ለሲኖትራክ ማቅረብ ነው። ጉሙም አለ። ጉም ውስጥ የባትሪው ጨረር ራሱ እንደ ምሰሶ ይታያል፣ መኪናው ግን ይደበዝዛል። ለአንድ ፎቶ ያምር ይሆናል፤ ለመማሪያ አይሆንም።

ሰፊ ግቢ ፈልጉ። የወፍጮ ቤት፣ የመጋዘን፣ የጋራዥ ግቢ። ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ጎረቤት ንገሩ። በሌሊት መኪና ዙሪያ ባትሪ ይዞ የሚሽከረከር ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት። እኔን አንድ ዘበኛ በዱላ ሊቀበለኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ከከተማ ወጣ ካላችሁ የአካባቢውን ጸጥታ ጠይቃችሁ ውጡ። ጅቡንም አትርሱ።

ብርዱን በተመለከተ፣ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ደብረ ብርሃንም በከፍታ ብዙ አያንስም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የካሜራ ባትሪ ቶሎ ይደክማል። ትርፉን ባትሪ ከኪሳችሁ፣ ከገላችሁ አጠገብ ያዙ። ከደጋው ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ካሜራ ስታወጡ ደግሞ ሌንሱ በላብ ይሸፈናል። ከመውረዳችሁ በፊት በፌስታል አስራችሁ፣ እስኪሞቅ ሳትከፍቱ ቆዩ።

“የብረት ሱፍ አቃጥዬ እያሽከረከርኩ ፍንጣሪ ብሠራስ?” (ከአረርቲ)

አይሆንም። ፍንጣሪው የቀለጠ ብረት ነው፤ ቀለም ይበሳል፣ ደረቅ ሣር ያቃጥላል። በበጋ የጤፍ ክምር ባለበት አገር ጭራሽ አታስበው።

“ለጥር የወንድሜ ሰርግ ነው። ሙሽሮቹን ከመኪናው ጋር እንዲህ ማንሳት ይቻላል?” (ከደብረ ብርሃን)

ይቻላል፣ ግን ሙሽራዋን 30 ሰከንድ ሳትንቀሳቀስ ቁሚ ማለት ከባድ ነው፤ በዚያ ብርድ በዚያ ቀሚስ! ለይተሽ አንሺያቸው። መጀመሪያ መኪናው ፊት አቁሚያቸውና በፍላሽ አንዴ ብልጭ አድርጊ፣ አለቀ። ካሜራውን ሳትነኪ ሙሽሮቹን ወደ ሙቀቱ ላኪያቸውና መኪናውን ብቻሽን ተረጋግተሽ ቅቢ። በኋላ ታጣምሪዋለሽ። የቆሙበት ጀርባ ላይ ያለውን በር አብዝተሽ አትቅቢ፣ አለዚያ ብርሃኑ በሰውነታቸው ያልፋል። አበባውንና ሪባኑን ደግሞ በደንብ አስሪው፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ 30 ሰከንድ ሙሉ ዝም ብሎ አያውቅም።