ስለ ሶል ሸክላዎች ከድሬዳዋና ከሐረር ለጠየቃችሁን

በዚህ ዕትም ከምሥራቅ የደረሱንን የሸክላ ጥያቄዎች መርጠን መልሰናል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኳቸው አርባ የሚሆኑ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አሉኝ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ሶል (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ሲሆኑ ስታክስ፣ አትላንቲክ፣ ሞታውን የሚል የአሳታሚ ስም አለባቸው። ዓመት የተጻፈባቸው ግን ጥቂት ናቸው። ያኔ የወጣው የመጀመሪያ እትም ይሁኑ ወይም በኋላ የታተሙ በምን ልለይ? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ በመሃል ወረቀቱ አይጀምሩ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ እስከ ወረቀቱ ድረስ ያለውን ባዶ ቀለበት ይመልከቱ። እዚያ ላይ በማኅተም የተመታ ወይም በእጅ የተጫረ ፊደልና ቁጥር አለ፤ ሰብሳቢዎች የማትሪክስ ቁጥር ይሉታል። ወረቀትን ማንኛውም ማተሚያ ቤት ሊያባዛው ይችላል። የማትሪክስ ቁጥሩ ግን ሸክላው ከታተመበት የብረት ቅርጽ የሚመጣ ስለሆነ አስመስሎ መሥራቱ ይከብዳል። ዘፈኑ የት እንደተቆረጠ (ድምፁ ለማተሚያ በሚሆነው ዋና ቅጂ ላይ የት እንደተቀረጸ) እና ሸክላው የት ፋብሪካ እንደታተመ የሚነግርዎትም እሱ ነው።

ለማንበብ ክፍሉን ጨለም ያድርጉና የስልክዎን መብራት ከጎን፣ ሸክላውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርገው ያብሩበት። ከላይ ቀጥታ ካበሩበት ይንጸባረቃል እንጂ ፊደሉ አይወጣም። ከዚያ ሸክላውን ቀስ እያሉ እያዞሩ የሁለቱንም ገጽ ጽሑፍ እንዳለ ይገልብጡ፤ ነጥቡን፣ ሰረዙን፣ የተሰረዘ ቁጥር ካለም የተሰረዘውን ጭምር። የትኛው በማኅተም እንደተመታ፣ የትኛው በእጅ እንደተጻፈ ለይተው ይጻፉ። ብዙ ሰው «ትርፍ ጭረት ነው» ብሎ የሚዘለው ምልክት ነው በኋላ ጉዳዩን የሚቆርጠው።

ለምሳሌ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከነቁጥሯ፣ ከእሷም ጋር በክብ ውስጥ ያለ «ኤምአር» ካዩ፣ ሸክላውን ያተመው ሎስ አንጀለስ የነበረው ሞናርክ ፋብሪካ ነው። የሦስት ማዕዘኗ ቁጥር በሥራ ቅደም ተከተል ይሄድ ስለነበር፣ የወጣበት ጊዜ ከሚታወቅ ሌላ የሞናርክ ሸክላ ጋር ሲያስተያዩት የራስዎ መቼ አካባቢ እንደታተመ መገመት ይቻላል። «ቤል ሳውንድ» የሚል ማኅተም ደግሞ ዘፈኑ ኒው ዮርክ ውስጥ መቆረጡን ያሳያል። ሁለት ሸክላዎች የተለያየ ጽሑፍ ስላላቸው ብቻ አንዱ ፎርጅድ ነው አይባልም። የተወደደ ዘፈን ገበያ ላይ እንዲደርስ በሁለትና በሦስት ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ይታተም ስለነበር ሁሉም ኦሪጅናል ሊሆኑ ይችላሉ።

ወደ መሃል ወረቀቱ የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ስታክስን መለየት ቀላል ነው። እስከ 1968 ድረስ የሚያከፋፍለው አትላንቲክ ነበር፤ የዚያ ዘመን የአሜሪካ ሲንግል (በየገጹ አንድ ዘፈን ያለው ትንሽ ሸክላ) ወረቀቱ ውሃ ሰማያዊ ሆኖ የተደራረቡ ሸክላዎች ሥዕል አለበት። በ1968 ሁለቱ ሲለያዩ ወረቀቱ ቢጫ፣ ምልክቱም ጣቱን የሚያስጮህ እጅ ሆነ፤ የእትም ቁጥሩም ከ0001 እንደገና ተጀመረ። የአትላንቲክ ኤልፒ (ብዙ ዘፈን የሚይዝ ትልቅ ሸክላ) ካለዎት በወረቀቱ ጠርዝ ያለውን አድራሻ ያንብቡ። «75 ሮክፌለር ፕላዛ» የሚለው ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የታተመ ነው፤ «1841 ብሮድዌይ» የሚለው ከዚያ ይቀድማል። በ1967 የወጣ የአሬታ ፍራንክሊን ኤልፒ የሮክፌለርን አድራሻ ከያዘ ዘፈኑ የ1967 ነው፤ ሸክላው ግን አይደለም።

በክብ ውስጥ ያለች «ፒ» ፊደልም ትረዳለች። የአሜሪካ ፌደራል ሕግ ለድምፅ ቅጂ ጥበቃ የሰጠው ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ምልክቷ ያለበት የአሜሪካ ሸክላ ከዚያ ወዲህ የታተመ ነው ብለው ይነሱ። ለእንግሊዝ ሸክላ ይህ አይሠራም፤ እነሱ ቀድመው ይጠቀሙበት ነበር።

ድሬ የጅቡቲ ባቡር ከተማ ናትና በሳጥንዎ ውስጥ የፈረንሳይና የጣሊያን እትም ቢገኝ አይግረምዎት። የጣሊያኖቹ ደግ ናቸው፤ ብዙዎቹ ባዶ ቀለበቱ ላይ ቀን፣ ወርና ዓመት ተመትቶባቸዋል። በፈረንሳዮቹ ደግሞ የሽፋኑን ጀርባ ታች ይፈልጉ፤ «ዴፖ ሌጋል» (በሕግ የተቀመጠ ቅጂ) ከሚለው አጠገብ ሩብ ዓመቱና ዓመቱ ይገኝ ይሆናል። የሽፋኑ ዓመት የሽፋኑ ብቻ መሆኑን አይርሱ። ሸክላና ሽፋን በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሲዞሩ ይቀያየራሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ነጋዴ የፍራንክ ዊልሰንን «ዱ አይ ላቭ ዩ» አሳየኝ። አሳታሚው «ሶል» (የሞታውን ንዑስ አሳታሚ)፣ ቁጥሩ 35019 ነው። በውጭ አገር ብዙ ሺህ ፓውንድ እንደሚያወጣ አንብቤአለሁ። ልግዛው? (ከጁገል፣ ሐረር)

መልስ፦ በኦሪጅናል ዋጋ አይግዙት። ይህ ሸክላ በ1965 ለማስተዋወቂያ ታትሞ ሞታውን ለገበያ ሳያወጣው የቀረ ነው። ለረጅም ጊዜ ሁለት ቅጂ ብቻ ይታወቁ ነበር፤ አንዱ በ2009 በ25,742 ፓውንድ ተሸጧል። ዝናው በገነነ ቁጥር ፎርጅዱ በዛ። በ1979 እንግሊዝ ውስጥ በታምላ ሞታውን ስም፣ ቲኤምጂ 1170 በሚል ቁጥር የወጣው ሕጋዊ ድጋሚ እትም ነው። ነጋዴው የያዘው እሱን ከሆነ በልኩ ዋጋ ሊገዙት ይችላሉ፤ የሚያሳፍር ሸክላ አይደለም።

ለሌሎች ውድ ሸክላዎችም የሚሆን መፈተሻ አለ። የመሃል ወረቀቱን በአጉሊ መነጽር ይዩት። ከሌላ ሸክላ ፎቶ ተነሥቶ የተባዛ ከሆነ የትንንሾቹ ፊደላት ጠርዝ ይደበዝዛል፣ የፊደላቱም ሆድ በቀለም ይሞላል። ባዶ ቀለበቱን ኦሪጅናልነቱ ከተረጋገጠ ቅጂ ፎቶ ጋር ያስተያዩ። በማኅተም የተመታ መሆን የነበረበት ቁጥር በእጅ ተጭሮ ከመጣ ይጠርጥሩ፤ በእጅ የተጻፈባቸው ኦሪጅናሎችም ብዙ ስለሆኑ ግን የእጅ ጽሑፍ ብቻውን አይፈርድም። በመጨረሻ ያስደምጥዎት። ገጹ ንጹሕ ሆኖ ሳለ «ጧ ጧ» የሚል የጭረት ድምፅ ከተሰማ፣ ጭረቱ ያለው ድምፁ በተቀዳበት በሌላኛው ሸክላ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የገዛሁትን የካይፋ (የአገራችን ሸክላ አሳታሚ) ሸክላ ሻጩ «የ67 ነው» አለኝ፤ ኢንተርኔት ላይ ግን 1975 ይላል። የትኛውን ልመን? የአገራችንን ኦሪጅናል ከድጋሚ እትም የምለየውስ እንዴት ነው? (ከመጋላ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሻጩ 1967 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ እሱም ከሴፕቴምበር 1974 እስከ ሴፕቴምበር 1975 ያለውን ይሸፍናል። ወሩ ከታወቀ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይደምሩ። ወሩ ካልታወቀ «1974/75» ብለው ይጻፉ እንጂ አንዱን መርጠው አያስቀምጡ። ያልተረጋገጠ ዓመት አንድ ጊዜ ዝርዝር ውስጥ ከገባ ሁሉም እየገለበጠው እውነት መስሎ ይቀራል።

አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን የጀመረው በ1969 ሲሆን የመጀመሪያ እትሙ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ሸክላዎቹ መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላ ሊባኖስ እየታተሙ ይመጡ ነበር፤ ሥራው በ1975 አበቃ። አምሃ «ኤኢ»፣ ካይፋ «ኬኤፍ» የሚል መነሻ ፊደል ከቁጥሩ ፊት ያስቀድማሉ። ፍለጋዎን በዚህ ቁጥር ያድርጉ። የአንድ ዘፋኝ ስም በላቲን ፊደል በሦስት በአራት ዓይነት ስለሚጻፍ፣ ዲስኮግስ (የሸክላዎች ዝርዝር ያለበት ድረ ገጽ) ላይ በስም ሲፈልጉ ያጡትን በቁጥር ያገኙታል።

ከድጋሚ እትም ለመለየት መጀመሪያ ባርኮድ ይፈልጉ። ካለው የያኔው አይደለም፤ አገራችን ሸክላ ስታሳትም ባርኮድ ሸክላ ሽፋን ላይ አልነበረም። የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ1972 ኒው ዮርክ በዎርዚ ሪከርድስ ወጥቶ በ2017 ስትራት በተባለ አሳታሚ እንደገና ታትሟል። የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ «ጨ በለው» ደግሞ የ1977 ነው፤ አሁን በብዛት የሚገኘው በ2014 የወጣው ነው። ለማድመጥ ድጋሚ እትሞቹ ይሻላሉ፤ ገንዘቡንም ለባለቤቱ የሚያደርስ ሕጋዊ እትም መግዛት ሙዚቀኛውን ማክበር ነው።

ጥያቄ፦ የኦሮምኛ፣ የሐረሪና የሶማሊኛ ሸክላዎች አሉኝ። የትም ዝርዝር ላይ አላገኘኋቸውም። (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄዎች ይህ ያስደሰተን ነው። የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድኑ አፍረን ቀሎ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተነሣው፣ ዓሊ ቢራም የወጣው ከድሬ ነው፤ የምሥራቁን ሸክላ ታሪክ መጻፍ የሚገባው እዚሁ ያለ ሰው ነው። የሁለቱንም ገጽ ወረቀትና ባዶ ቀለበት ለየብቻ ፎቶ ያንሡ። በወረቀቱ ላይ ያለውን በተጻፈበት ፊደል፣ ስሕተቱንም ሳያርሙ ይገልብጡ። በሽፋኑ ላይ የሙዚቃ ቤት ማኅተም፣ የዋጋ ጽሑፍ ወይም የባለቤት ፊርማ ካለ አያጥፉት፤ ሸክላው መቼና የት እንደተሸጠ የሚያሳየው ምናልባት እሱ ብቻ ነው። ከሽማግሌዎች የሚሰሙትን ከነተናጋሪው ስም በሌላ ዓምድ ይያዙ። ያዩትና የሰሙት ከተቀላቀለ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም። ሲጨርሱ ዲስኮግስ ላይ ያስመዝግቡት፤ አንድ ኮፒ ግን እቤትዎ ይኑር።

ጥያቄ፦ ሸክላዎቼ አቧራ ጠጥተዋል፣ አንዳንዶቹም ጎብጠዋል። በቧንቧ ውሃ ልጠባቸው? (ከአዲስ ከተማ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ በቧንቧ ውሃ አይሆንም። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ ሻይ ማፍያው ውስጥ የሚቀረው ነጭ ነገር የሸክላው ቦይ (መርፌው የሚሄድበት መስመር) ውስጥም ይቀራል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ይግዙ፤ አሲዱም አብሮ ስለሚሸጥ የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳያነቡ አይክፈቱ። ለ1 ሊትር ውሃ 200 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮልና 2 ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። የመሃል ወረቀቱ እንዳይነካ አድርገው፣ ለስላሳ ጨርቅ በፈሳሹ አርጥበው ቦዩን ተከትለው ክብ ይጥረጉ፤ ከውስጥ ወደ ውጭ አቋርጠው አይጥረጉ። ከዚያ በንጹሕ የተጣራ ውሃ ብቻ ይድገሙትና ጥላ ውስጥ አቁመው ያድርቁ። ሁለተኛውን ውሃ ከዘለሉት የቀረው ሳሙና መርፌው ላይ እንደ ጥጥ ይሰበሰባል።

አልኮሉን ከሁለት ዓይነት ሸክላ ያርቁ። አንዱ የሚሰበረው ባለ 78 ዙር ነው፤ አልኮል ያሟሟዋል። ሌላው ከስታይሪን የተሠራው የአሜሪካ ባለ 45 ዙር ነው። ስታይሪን ቀለል ይላል፣ በጥፍር ሲመቱት ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፣ ወረቀቱም ከሸክላው ጋር አብሮ የተጋገረ ሳይሆን በላዩ የተለጠፈ ነው። ያረጀ ወይም የከበደ መርፌ በጥቂት ጊዜ ይበላዋል፤ ከ3 ግራም በላይ በሚጫን አሮጌ ማጫወቻ አያጫውቱት።

የጎበጠውን በመጀመሪያ አጽድተው በሁለት ወፍራም መስታወቶች መሃል ያስተኙትና ከላይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጫኑበት፤ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ሳያጸዱ ከተጫኑት አቧራው ቦዩ ውስጥ ተጨምቆ ይቀራል። ፀሐይ ላይ በፍጹም አያውጡት፤ ቀትር ላይ የተዘጋ መኪና ውስጥም አይተዉት። ሌሎቹን አቁመው፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ርቀው ያስቀምጡ። የሐረር አንባቢዎቻችን ደግሞ በክረምት ሸክላውን ከድንጋይ ግድግዳ አንድ ጋት ያርቁ፤ ሽፋኑ ላይ የሚታየው ነጭ ነጠብጣብ ሻጋታ ነው፣ ወደ ሸክላውም ይሻገራል።

ጥያቄ፦ ዋጋ በምን ይተመናል? የመሃል ቀዳዳው ሰፊ የሆነውንስ እንዴት ላጫውት? (ከፈረስ መጋላ፣ ሐረር)

መልስ፦ በውጭ ገበያ የተለመደው ጎልድማይን የተባለው የአሜሪካ የሰብሳቢዎች መጽሔት መለኪያ ነው። «ኒር ሚንት» (አዲስ የሚመስል) ሙሉ ዋጋ ካወጣ «ቪጂ ፕላስ» (ጥቂት ያገለገለ) ግማሹን፣ «ቪጂ» (ጭረቱ የሚሰማ) ሩቡን ያህል ያወጣል። ደረጃ የሚሰጠው በጠንካራ መብራት ሥር አይቶ፣ ተጫውቶም ከተደመጠ በኋላ ነው። ሰፊው ቀዳዳ ወደ 38 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ መሃሉ ላይ የሚገባ የፕላስቲክ አዳፕተር ይበቃዋል። አዳፕተር ባጡ ጊዜ ሸክላውን በግምት አስተካክለው አያጫውቱ። መሃሉን ከሳተ ድምፁ ከፍና ዝቅ እያለ ይዋዥቃል፣ መርፌውም በየዙሩ የቦዩን አንድ ግድግዳ ይፍቃል። በሌላ በኩል፣ የእንግሊዝ እትም ሆኖ መሃሉ ተሰብሮ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አይስበሩት፤ መሃሉ ያልወጣለት ሸክላ ተፈላጊነቱ ይበልጣል።