ኪኩ ሲመታ ብቻ ቤዙ ዝቅ እንዲል፦ ሳይድቼይን በሪፐር

ጥያቄ፦ በሪፐር (የሙዚቃ መቅጃና ማቀናበሪያ ሶፍትዌር) የችክችካ ዘፈን ሚክስ እያደረግሁ ነው። ቤዝ ጊታሩ ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ድራም) ስለዋጠው በቤዙ ትራክ ላይ ሪያኮምፕ (የሪፐርን ኮምፕሬሰር፣ ማለትም ድምፅ ሲጮኽ ዝቅ የሚያደርገውን መሣሪያ) ከፍቼ ከኪኩ ትራክ ሴንድ (የድምፁን ቅጂ) ላክሁ። ኪኩ ግን ከበፊቱ ይልቅ ጮኸ፤ ቤዙም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታፈነ። ችግሩ ምን ይሆን?

መልስ፦ ሳይድቼይን ማለት በአንድ ትራክ ላይ ያለው ኮምፕሬሰር የሌላ ትራክን ድምፅ እያዳመጠ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ከገለጻዎ እንደምረዳው ሴንዱ የገባው በቤዙ ትራክ 1/2 ቻናል ነው። በዚህ ምክንያት ኪኩ በራሱም በቤዙም ትራክ በኩል ስለሚሰማ ይጮኻል፤ ኮምፕሬሰሩም የሚያዳምጠው ኪኩን ለብቻው ሳይሆን በትራኩ ላይ ያለውን ድምፅ ሁሉ በመሆኑ ቤዙ በተመታ ቁጥር ራሱን በራሱ ይጫናል።

ስለዚህ የሴንዱን መድረሻ ከ1/2 ወደ 3/4 ይቀይሩ፤ ቀጥሎም በሪያኮምፕ ውስጥ «ዲቴክተር ኢንፑት» የሚለውን ከ«ሜይን» ወደ «ኦግዚለሪ» ይለውጡ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከተደረገ ውጤት አይገኝም። ለማረጋገጥ ቤዙ እየተጫወተ ኪኩ የማይመታበትን የዘፈኑን ክፍል ያጫውቱ፤ የቅነሳው ሜትር በዚያ ቦታ ከተንቀሳቀሰ ኮምፕሬሰሩ አሁንም ቤዙን እያዳመጠ ነው ማለት ነው። ሴንዱንም ፕሪ ፌደር (ከድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው በፊት የሚወጣ) ቢያደርጉት የኪኩን ፌደር በነኩ ቁጥር የቤዙ ቅነሳ አብሮ አይለዋወጥም።

ሬሾውን (የቅነሳውን መጠን) 4 ለ1፣ አታኩን (ቅነሳው ለመጀመር የሚወስድበትን ጊዜ) ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሰከንድ አድርገው ይጀምሩና ትሬሾልዱን (ቅነሳው የሚጀምርበትን የድምፅ ደረጃ) ኪኩ ሲመታ ከ3 እስከ 5 ዴሲቤል እስኪቀንስ ድረስ ያውርዱ። አውቶ ሜካፕ (የተቀነሰውን ድምፅ በራሱ መልሶ የሚያጎላው) ይጥፋ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሪሊስ (ቅነሳው ተለቆ ድምፁ ወደ ነበረበት የሚመለስበት ጊዜ) ላይ ነው። በብዙ ትምህርቶች የሚሰጠው ረጅም ሪሊስ ኪኩ በእኩል ርቀት ለሚመታበት የሀውስ ሙዚቃ የታሰበ ነው፤ እዚያ የቤዙ መተንፈስ (በየምቱ ዝቅ ከፍ ማለት) ራሱ የሚፈለግ ውበት ነው። ችክችካ ግን 6/8 በመሆኑ አንዳንዱ የኪክ ምት ሌላውን በአንድ ስምንተኛ ኖታ ልዩነት ሊከተል ይችላል። የፕሮጀክትዎ ፍጥነት በደቂቃ 180 ሩብ ኖታ ቢሆን 60,000ን ለ180፣ ውጤቱንም ለ2 ሲያካፍሉ ስምንተኛ ኖታው 167 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ሪሊሱ 300 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ቤዙ ሳያገግም ሁለተኛው ምት ይደርስበታል፤ የችክችካው ግፊት የሚጠፋውም በዚህ ነው። ከ80 እስከ 100 መካከል ጆሮዎ ይወስን፤ ከዚያ በጣም ካሳጠሩት ግን ቤዙ መንተክተክ ይጀምራል።

ኪኩ በማይክ ከተቀዳ የድራም ስብስብ የመጣ ከሆነ የስኔሩና የሃይሃቱ ድምፅ ወደ ኪኩ ማይክ መግባቱ ስለማይቀር ኮምፕሬሰሩ ያለ ቦታው ሊነሣ ይችላል፤ የሪያኮምፕን ሎው ፓስ (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ወደ 150 ሄርዝ ያውርዱት። ይህ ማጣሪያ የሚነካው ኮምፕሬሰሩ የሚያዳምጠውን ምልክት እንጂ የሚሰማውን የቤዝ ድምፅ አይደለም።

ቤዝ ተጫዋቹ በላይኛው ክር ዜማ የሚከተል ከሆነ ደግሞ ትራኩን አባዝተው አንደኛውን ከ120 ሄርዝ በታች፣ ሌላኛውን ከዚያ በላይ በማጣሪያ ይክፈሉትና ኮምፕሬሰሩን በታችኛው ላይ ብቻ ያድርጉ፤ ከኪኩ ጋር የሚጋጨው ያኛው ክፍል ነውና ዜማው ሳይነካ ይቀራል።