ቴስትሽ የማንን ዳታቤዝ ነው የሚነካው?

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስፕሪንግ ቡት በሚባለው የጃቫ ፍሬምወርክ የተሠራ አፕሊኬሽን አላችሁ፣ ቢልድ የምታደርጉት በግሬድል ነው። ብሮውዘር እየከፈቱ የሚሞክሩት የሰሌኒየም ቴስቶች ላፕቶፕሽ ላይ ያልፋሉ፤ ሰርቨሩ ላይ ግን ትእዛዙ ላይ በሰረዝ ዲ (-D) የሰጠሽውን ዩአርኤል "አልሰማም" ብለው ሎካልሆስትን (ያሉበትን ኮምፒውተር ራሱን) ይፈልጋሉ። ሴቲንጉን የት እናስቀምጠው ብለሻል።

የአንቺው ቀላል ነው። ግሬድል ቴስቶችን የሚያስኬደው በሌላ ጄቪኤም (የጃቫ ፕሮግራም ማስኬጃ) ነው። በሰረዝ ዲ የሰጠሽው ለግሬድሉ ለራሱ ደረሰ፣ እዚያው ቀረ። ቢልድ ፋይሉ ላይ ቴስት የሚለው ብሎክ ውስጥ በሲስተም ፕሮፐርቲ አሳልፊለት። ላፕቶፕሽ ላይ ያለፈው ዲፎልቱ ሎካልሆስት ስለሆነና አፕሊኬሽኑም እዚያው ስለተነሳ ነው። ማቨን የሚባለው ሌላው የቢልድ መሣሪያ ላይ ብትሆኚ ቴስት የሚያስኬድለት ሹርፋየር ራሱ ያሳልፍልሽ ነበር። ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ከፕሮግራሙ ውጭ ተቀምጦ ፕሮግራሞች የሚያነቡት ሴቲንግ) ከሆነ ግን ግሬድልም ላይ ቴስቱ ዝም ብሎ ይወርሰዋል።

ያ ዝም ብሎ መውረስ ነው እኔን ጉድ የሠራኝ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቢሮዬ ቦሌ ስለሆነ የታክሲ ሰልፉን ለማምለጥ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት እሠራለሁ። አንድ ማታ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ 20 ፐርሰንት ላይ ነው። ኢንተርኔቱን ከስልኬ አገናኘሁና ሳይዘጋብኝ ቴስቱን አስኬጄ ኮዱን ልላከው አልኩ። ሁሉም አረንጓዴ! ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ የቡድናችን ቴሌግራም ተጥለቅልቋል፦ "የጋራው ዳታቤዝ ላይ ያሉት ቴብሎች የት ገቡ?"

ለቴስት ብቻ የሚሆን "አፕሊኬሽን ቴስት" የሚባል የፕሮፐርቲስ (የሴቲንግ) ፋይል ነበረን። ውስጡ ያለው ሚሞሪ ላይ የሚሠራው ኤች ቱ ዳታቤዝ ነው። ኮዱን ከዳታቤዙ የሚያገናኘው ሃይበርኔት ክሪኤት ድሮፕ ላይ ነው፤ ሲነሳ ቴብል ይፈጥራል፣ ሲዘጋ ያጠፋል። እኔ ደግሞ ከሳምንት በፊት አንድ ነገር ልሞክር ብዬ የጋራውን ዳታቤዝ አድራሻ ከነዩዘርኔሙ ከነፓስወርዱ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል አድርጌ፣ ተርሚናል ሲከፈት የሚነበበው ባሽ አርሲ ፋይል ላይ ጽፌ ረስቼዋለሁ። ስፕሪንግ ቡት ላይ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ፋይልን ይሽራል። ፋይሌ ትክክል ነበር፤ ግን ማንም አልሰማውም።

ቴብሎቹን የዳታቤዝ ለውጦችን በቅደም ተከተል በሚያስኬደው ፍላይዌይ መለስናቸው። ቴስት የምታደርገው ልጅ ሁለት ሳምንት በእጇ ያስገባችው ዳታ ግን አልተመለሰም። አብሬያት ቁጭ ብዬ እንደገና አስገባን፤ የዚያን ሰሞን ማኪያቶ በሙሉ በእኔ ሒሳብ ነበር።

ስለዚህ የትኛው ፋይል ከማለትሽ በፊት ማን ማንን እንደሚሽር እወቂ። ኢንቫይሮመንት ፋይልን ይሽራል። የጃቫ ሲስተም ፕሮፐርቲ ኢንቫይሮመንትን ይሽራል። የቴስት ክላሱ ላይ በቴስት ፕሮፐርቲ ሶርስ አኖቴሽን (ኮዱ ላይ በ@ የሚለጠፍ ምልክት) የጻፍሽው ደግሞ ሁለቱንም ይሽራል። አሁን የዳታቤዙን አድራሻ እዚህ ነው ያደረግነው፣ ሁሉም ቴስት የሚወርሰው አንድ ክላስ ላይ። በየክላሱ የተለያየ ፕሮፐርቲ መለጠፍ ግን አይመከርም፤ ስፕሪንግ ልዩነት ባየ ቁጥር አፕሊኬሽኑን እንደ አዲስ ያስነሳዋል፣ ባትሪሽም ያልቃል።

እኔ በዚህም አላመንኩም፣ አንድ ዘበኛ ጨመርኩ። አድራሻው ሎካልሆስት ወይም ኤች ቱ ካልሆነ ቴስቱ ገና ሳይነሳ ይቆማል። ይህን ከእያንዳንዱ ቴስት በፊት የሚሮጠው ቢፎር ኢች ላይ እንዳታደርጊው፤ እዚያ እስኪደርስ ሃይበርኔት ሥራውን ጨርሷል። አፕሊኬሽን ኮንቴክስት ኢኒሻላይዘር ላይ አድርጊው፣ እሱ ቢኖቹ (ስፕሪንግ የሚያስነሳቸው የአፕሊኬሽኑ ክፍሎች) ሳይፈጠሩ ነው የሚሮጠው።

ሌላ የሚያስት ነገር አለ። የቴስት ሪሶርስ ፎልደር ውስጥ ከዋናው ጋር ስሙ አንድ የሆነ የፕሮፐርቲስ ፋይል ካስቀመጥሽ ሁለቱ አይቀላቀሉም። የቴስቱ የዋናውን ሙሉ በሙሉ ይጋርደዋል። ዋናው ላይ የነበረው ሴቲንግ ሁሉ የለም ማለት ነው። እንደ "አፕሊኬሽን ቴስት" ስሙን ለይተሽ ፕሮፋይሉን ("ቴስት" የሚለውን የሴቲንግ ስብስብ) በአክቲቭ ፕሮፋይልስ አኖቴሽን ጥሪው፤ ያን ጊዜ የጻፍሽውን ብቻ ይቀይራል፣ ሌላው ባለበት ይቆያል።

ፓስወርድ ኮዱ በጋራ የሚቀመጥበት ጊት ላይ አይገባም፣ ይህ አያከራክርም። ሰርቨሩ ላይ ኢንቫይሮመንት ይሁን፤ ላፕቶፕ ላይ ለሚነሳው የሙከራ ዳታቤዝ የፈለግሽውን ስጪው።

የሰዓቱን ነገር ደግሞ አትርሺ። ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ናቸው፣ እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት እኛ ዛሬ ስንል ሰርቨሩ ገና ትናንት ላይ ነው። እንደኔ ሌሊት መብራት ሲመጣ ተነስቶ የሚሠራ ሰው "ቀኑ አልገጠመም" የሚል ስህተት ብዙ ያያል። የቴስቱን ጄቪኤም ታይምዞን አፍሪካ አዲስ አበባ ብለሽ ቆርጠሽ ስጪው፤ ላፕቶፑም ሰርቨሩም ያኔ እኩል ይሆናሉ።

ግሬድሉን አስተካክለሽ አሁንም ከወደቀ የስህተቱን የመጀመሪያ መስመሮች እዚህ ለጥፊልን። ፓስወርዱን ግን አጥፊና።